አንደኛ ተከሳሽ

እህቴ ሬዲዮኑን በፎጣ ጠቅልላ ቁም ሳጥን ውስጥ ከቆለፈችበት አምስት ወር ሆኖት ነበር። ሬዲዮኑ ምንም አላጠፋም፤ ጥፋቱ በየማለዳው የልጇን ስም መጥራቱ ነው። ዜና አንባቢው ድምፁን አሳምሮ «እነ» ይልና የልጃችንን ስም ከነአባቱ ያስከትላል፤ ቀጥሎም «በሚል መዝገብ የተከሰሱት ስምንት ወጣቶች» ይላል። ስሙን እዚህ አልጽፈውም፤ እስኪበቃው ተጽፏል። እኛ ቤት የሚጠራው ትንሹ እየተባለ ነው። ወንድሙ ትልቁ ጦር ሜዳ ከሄደ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነበር፤ ደብዳቤው ከተቋረጠ ደግሞ ሰባት ወር አልፎታል። ትንሹ የወንድሙን ወሬ መጠበቅ ሲሰለቸው ከሰባት ጓደኞቹ ጋር «ጦርነቱ ይብቃ» የሚል ጨርቅ ይዞ የምልመላ ጽሕፈት ቤቱ በር ላይ ቆመ። የቆሙት ቢበዛ ለሃያ ደቂቃ ነው። እህቴ የወለደቻቸው ሁለት ልጆች ናቸው፤ አንዱን ጦርነቱ፣ ሌላውን እስር ቤቱ ወሰደባት። እኔም ባሌ ከሞተ ወዲህ የምኖረው እሷ ጋ ስለሆነ ሁለቱን ባዶ አልጋዎች በየቀኑ አብሬያት አነጥፋለሁ።

ያን ዕለት ጠዋት ስነሳ ነጩን ሸሚዝ እየተኮሰች አገኘኋት። ትናንት ተኩሳው ነበር፤ ዛሬም ደገመችው። ለችሎት የሚለብሰው ነው፤ ችሎቱ ሳይጀመር ለጠባቂ ትሰጥለታለች። ሻይ ቀድቼ ከጎኗ ተቀመጥኩ። ግድግዳችን ስስ ነው፤ የጎረቤታችን የፀጉር አስተካካዩ ሬዲዮ ከኛው ቤት ያለ ያህል ይሰማል። ዜና አንባቢው እንደ ልማዱ «እነ» ብሎ ጀመረና አንደኛ ተከሳሽ በመሪነት ይከሰስ እንደሆነ ፍርድ ቤቱ ዛሬ ይወስናል አለ። መሪ የተባለ እስከ አሥራ አምስት ዓመት ይፈረድበታል፤ ተከታይ የተባለ ከሁለት ዓመት አያልፍም። እህቴ ካውያውን ኮሌታው ላይ ረስታው ቆየችና የጭስ ሽታ ሲመጣ ብድግ አደረገችው። ጥቂት ቢጫ ነገር ሸሚዙ ላይ ቀረ። «የገዛ ካልሲውን ፈልጎ የማያገኝ ልጅ ነው ስምንት ሰው የመራው?» አለች። ለኔ አልነበረም የምትናገረው፤ ለግድግዳው ነው። እኔ ሻዬን ፉት አልኩና ዝም አልኩ። ለአምስት ወር የኖርኩት እንዲህ እየሆንኩ ነው።

ዝም ያልኩበት ምክንያት ጥፋቱ የኔ ስለሆነ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት በፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት ሠርቻለሁ። አንድ ክስ ብዙ ተከሳሾች ካሉበት መዝገቡ በመጀመሪያው ተከሳሽ ስም ይጠራል፤ ሽፋኑ ላይ «እነ» ተብሎ የእሱ ስም ብቻ ይጻፋል፤ ሌሎቹ ውስጥ ይቀራሉ። ያን ሰሞን የዐቃቤ ሕግ ቢሮው ጸሐፊ ወልዳ ስለነበር የእነሱንም ክስ የምተይበው እኔ ነበርኩ። የስምንቱ ስም በአንድ ቁራጭ ወረቀት ላይ በእጅ ተጽፎ መጣልኝ። ቁጥር አልነበረውም። የትንሹ ስም የመጨረሻው ነበር። መታሰሩን አውቅ ነበር እንጂ ክሱ በኔ እጅ እንደሚያልፍ አላሰብኩም ነበር። ከዚያ ያደረግኩትን ዛሬም ሳስበው ፊቴ ይግላል። እንደኔ ያለ መዝገብ ቤት ያረጀ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር አለ፤ የዋስትና ጥያቄ ሲሰማ በጠዋት የሚጠራው ተከሳሽ ትዕግሥት ያለው ዳኛ ያገኛል፤ ስምንተኛው የሚደርሰው ዳኛው ከራበው በኋላ ነው። ስለዚህ ስሙን ከታች አንስቼ ላይ አደረግኩት። ለምሳ ቤቱ እንዲገባ ብዬ። ዐቃቤ ሕጉ ሳያነብ ፈረመ፤ በወሩም ወደ ሌላ ከተማ ተዛወረ። ሽፋኑን የጻፍኩት ራሴ ነኝ፤ ያውም ለበዓል ካርድ በምጽፍበት ባማረው እጄ። ዋስትናው ለስምንቱም ተከለከለ። በሦስተኛው ቀን ጋዜጣው መዝገቡን በስሙ ጠራው፤ በሳምንቱ ከተማው ሁሉ ተቀበለው። አዲሱ ዐቃቤ ሕግ ደግሞ መጥቶ ዝርዝሩን ከላይ ወደ ታች ሲያነብ መሪው አንደኛ ላይ የተጻፈው ነው ብሎ ደመደመ።

እህቴ ሸሚዙን ይዛ ቀድማኝ ወጣች። እኔ በአውቶቡስ ተከተልኩ። የአውቶቡስ ዋጋ ጦርነቱ ከተጀመረ ወዲህ ለሦስተኛ ጊዜ ተጨምሮ ትኬት ቆራጩ ከሰው ሁሉ ጋር ይጨቃጨቅ ነበር። ከፊቴ የተቀመጡ ሁለት ሴቶች ጋዜጣ ዘርግተው የትንሹን ፎቶ ያያሉ። አንደኛዋ ዓይኑን ብቻ አይቶ መሪ መሆኑን ማወቅ ይቻላል አለች፤ ሁለተኛዋ የሷ ልጅ እዚያ እየደማ ይሄ እዚህ ጨርቅ ይዞ ይቆማል ብላ ጋዜጣውን አጠፈችው። በዓይኑ የሚታየው መሪነት ሳይሆን ከልጅነቱ ያለበት የእንቅልፍ ማጣት መሆኑን ልነግራቸው ምላሴ ላይ ደረሰ። የድልድዩ ግንብ ላይ ደግሞ ተማሪዎች «እነ» ብለው ስሙን በቀይ ቀለም ጽፈው «ይፈቱ» የሚል ጨምረውበታል። የሚጠሉትም የሚወዱትም በስሙ ተስማምተዋል። ከሁሉ የሚከፋኝ የወዳጆቹ ነበር፤ ምክንያቱም እነሱ በጮሁ ቁጥር ዐቃቤ ሕጉ መሪያቸው ማን እንደሆነ እያሳዩልኝ ነው ይላል።

መዝገብ ቤቱ ከመሬት በታች ነው። መስኮቱ ከእግረኛው መንገድ እኩል ስለሆነ ቀኑን ሙሉ የምናየው የሰው ጫማ ነው። ገብቼ ጠረጴዛዬን ከፈትኩ። ያ ቁራጭ ወረቀት መዝገቡ ውስጥ መያያዝ ሲገባው አምስት ወር ሙሉ በመሳቢያዬ፣ በካርቦን ወረቀቶች ሥር ነበር። ለምን እንዳልቀደድኩት እንጃ። ወረቀት መቅደድ አልለመድኩም። አውጥቼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩና ወደ ጠበቃው ሄድኩ። ጠበቃው ስምንቱንም በነፃ የሚከራከርላቸው፣ የቦርሳው ዚፕ ተበላሽቶ በክር የሚያስረው ሰው ነው። ደረጃው ላይ ቆሞ ዳቦ ሲበላ ያዝኩትና ሁሉንም ነገርኩት። ዳቦውን መብላት አቆመ። ሥራዬን ሊያሳጣኝ እንደሚችል አስረዳኝ፤ አውቃለሁ አልኩት። ወረቀቱን ላሳየው ቦርሳዬን ስከፍት እጁን አንስቶ ከለከለኝ።

«አያሳዩኝ። እኔ የስምንቱም ጠበቃ ነኝ። ከእናንተ ልጅ ላይ ያነሳሁትን የማን ልጅ ላይ ልጫነው?»

ያኔ ነው የገባኝ። ለአምስት ወር የማየው የራሴን ጥፋት ብቻ ነበር፤ ወረቀቱ አናት ላይ ማን እንዳለ አውቅ ነበር፣ ግን አላሰብኩትም። ለምስክርነት ካስጠራኝ ዐቃቤ ሕጉ የመጀመሪያው ጥያቄው ወረቀቱ የት አለ የሚል እንደሚሆን፣ ካለኝም ማስረከብ ግዴታዬ እንደሆነ ነገረኝ። ሲያይዘውም ወደ ችሎት ከመግባቴ በፊት ወረቀቱ ይኑረኝ አይኑረኝ እንድወስን መከረኝ። ከዚያ የተረፈውን ዳቦ በወረቀት ጠቀለለና ሄደ።

እህቴ ሁለተኛው ፎቅ መተላለፊያ ላይ፣ ሁልጊዜ በምትቀመጥበት አግዳሚ ላይ ነበረች። አጠገቧ የተለመደው የነርሷ ቦታ ነው። ነርሷ ከስምንቱ ተከሳሾች የአንዷ እናት ናት፤ ልጅቷ መምህርነት ልትመረቅ ሁለት ወር ሲቀራት ነው የተያዘችው። ነርሷ ከአዳር ሥራዋ ቀጥታ ትመጣለች፤ የሆስፒታል ነጠላ ጫማዋን እንኳ አትቀይርም። እህቴና እሷ ከዚህ በፊት አይተዋወቁም ነበር። አምስት ወር እዚያ አግዳሚ ላይ አንድ ዳቦ ለሁለት እየተካፈሉ ከእህትማማች በላይ ሆነዋል፤ አንዳንዴ እኔ ስመጣ ወሬያቸውን ያቋርጡና እቀናለሁ። ያን ጠዋት ነርሷ ውሃ ልታመጣ ሄዳ ነበር። እህቴ ጎን ተቀምጬ፣ መሬት መሬት እያየሁ፣ ያደረግኩትን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርኳት። ወረቀቱንም አውጥቼ ጭኗ ላይ አስቀመጥኩት። እንድትመታኝ ፈልጌ ነበር። እህቴ ግን ወረቀቱን ብቻ አየች። ከታች ጀመረችና የልጇን ስም አገኘች፤ ጣቷን አንድ በአንድ ወደ ላይ እያሳለፈች ስምንቱንም አነበበች። አናት ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ። የተጻፈው የነርሷ ልጅ ስም ነው።

«እትዬ፣» አለችኝ ቆይታ፣ «ይሄን ካሳየሽ ልጄ ይተርፋል?»

ይመስለኛል አልኳት። ሌላ ምን ልበል? መተላለፊያው መጨረሻ ላይ ነርሷ ሁለት ብርጭቆ ውሃ ይዛ፣ እንዳይፈስባት በዝግታ እየተራመደች ስትመጣ ታየች። እህቴ ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዬ ውስጥ መልሳ ከተተችው። ነርሷ አንዱን ብርጭቆ ለእህቴ፣ የራሷን ለኔ ሰጠችኝና እሷ ጠጥታ እንደመጣች ነገረችን። አለመጠጣቷን ከንፈሯ ይናገራል። ሦስታችንም የችሎቱ በር እስኪከፈት ተቀመጥን።

ስምንቱ ገብተው በሁለት ረድፍ ተቀመጡ። ትንሹ ኮሌታው ላይ ያለውን ቢጫ ነገር በጣቱ ሊሸፍን ይሞክራል። ዐቃቤ ሕጉ ወጣት ነው፤ ንግግሩ ያማረ፣ ሱፉም የተለካለት። ለመሪነቱ ያቀረበው ማስረጃ በአጭሩ ይህ ነበር፤ አንደኛ ሆኖ የተጻፈው እሱ ነው፣ ጋዜጣው የሚጠራቸው በእሱ ስም ነው፣ ደጋፊዎቻቸው ግንብ ላይ የሚጽፉት የእሱን ስም ነው፤ ሰው ደግሞ በመሪው ይጠራል። የሚያስቀው ነገር እውነትም አሳማኝ ነበር። ጠበቃው ተነስቶ በዝርዝሩ አጻጻፍ ላይ አንድ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ እንድትመሰክር ጠየቀ። ዐቃቤ ሕጉ ተቃወመ፤ ዳኛው ግን ፈቀዱ። ስነሳ ቦርሳዬን ለእህቴ ሰጠኋት። አስቤበት አይደለም፤ መሐላ ሲፈጸም እጅ ባዶ መሆን አለበት ብዬ ነው። ከሰጠኋት በኋላ ግን ምን እንደሰጠኋት ገባኝ።

ማልኩ። የእህቴ ልጅ መሆኑን፣ ስሙ የመጨረሻ እንደነበረ፣ ላይ ያወጣሁትም እኔ መሆኔን ተናገርኩ። ዳኛው ሽማግሌ ናቸው፤ የጻፍኳቸውን ሽፋኖች ለሃያ ዓመት ሲገልጡ ኖረዋል። መነጽራቸውን አውልቀው ለምን እንዳደረግኩት ጠየቁኝ።

«ለምሳ ቤት እንዲደርስ ብዬ ነው፣ ክቡር ዳኛ» አልኩ።

ከኋላ ሰው ሳቀ። ከስምንቱም ሁለት ሦስቱ ሳቁ። ትንሹ አልሳቀም፤ አንገቱን ደፍቶ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ የነርሷ ልጅ እጇን ጀርባው ላይ አደረገች። ዐቃቤ ሕጉ ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀና ተነሳ። የአክስት ፍቅር የሚከበር ነው፣ ነገር ግን ቃል ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ዋናው ወረቀት የት አለ፣ በዚያ ወረቀት ላይስ አንደኛ ማን ነበር ብሎ ጠየቀኝ። ዳኛው እንድመልስ ራሳቸውን ነቅንቀው ምልክት ሰጡኝ። ለመዋሸትም እውነቱን ለመናገርም አፌ ዝግጁ ነበር፤ መምረጥ ግን የኔ ፋንታ አልመሰለኝም። ወደ እህቴ ዞርኩ። ቦርሳው ጭኗ ላይ ነው፤ ሁለት እጇን ጭናበታለች። ነርሷ ከአዳሩ ድካም የተነሳ ራሷን እህቴ ትከሻ ላይ ጥላ፣ ዓይኗን ከልጇ ሳትነቅል ተቀምጣለች። የምጠየቀው ስለ ማን እንደሆነ አታውቅም። እህቴ ልጇን አየች። ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ወደኔ ዞራ፣ ትከሻዋ ላይ ያለውን ራስ እንዳታነቃንቅ ተጠንቅቃ፣ ዓይኗን ብቻ ጨፍና ገለጠች። በልጅነታችን ከእናታችን አንድ ነገር ስንደብቅ የምናደርገው ነው።

«ወረቀቱ ጠፍቷል» አልኩ። «ማን እንደነበረም አላስታውስም።» በሃያ ስድስት ዓመት ሥራዬ የዋሸሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ ያውም ምዬ። ዐቃቤ ሕጉ ፈገግ ብሎ ተቀመጠ።

ዳኛው ውሳኔውን ለከሰዓት ቀጠሩት። መተላለፊያው ላይ ስወጣ እህቴ የለችም፤ ነርሷን ብጠይቃት መታጠቢያ ቤት ሄዳለች አለችኝ። ቆይታ መጣች። እጇ እርጥብ ነው፤ ቀሚሷም ፊት ለፊቱ ውሃ ተረጭቶበታል። ቦርሳዬን አቀበለችኝ። ከፈትኩት፤ መነጽሬ አለ፣ የአውቶቡስ ትኬቴ አለ፣ መሐረቤ አለ። ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብዬ ወረቀቱስ አልኳት።

«ምን ወረቀት?» አለችኝ።

ውሳኔው ገና አልተሰማም እኮ። ቢጠፋ ቢጠፋ እስከ ከሰዓት ልትጠብቅ፣ ነገሩ ከከፋ ልትጠቀምበት ትችል ነበር፤ እኔ ብሆን የማደርገው እሱን ነው። ልናገራት ስል ፊቷን አየሁትና ተውኩት። እህቴ ቢከፋ እንደምታወጣው ስላወቀች ነው ቀድማ ያጠፋችው። እንዲያ ፈርታ አይቻት አላውቅም። ክንዷን ያዝኩት፤ አልከለከለችኝም። «አንቺን ግን ገና አልጨረስኩሽም» አለችኝ፣ ፊቷን ወደ መስኮቱ እንዳዞረች።

ከሰዓት በኋላ ዳኛው አነበቡ። ወረቀቱ ስላልቀረበ የምስክሯ ቃል ብቻውን ክሱን አያፈርስም አሉ፤ እህቴ እጄን ጥፍሯ እስኪገባ ጨመቀችው። ቀጠሉ። ሆኖም ቃሉ ከተሰማ በኋላ ፍርድ ቤቱ የስም ቅደም ተከተልን የመሪነት ማስረጃ አድርጎ ሊቀበል አይችልም፤ የጋዜጣና የግንብ ጽሑፍም ያንኑ ሽፋን የገለበጠ ስለሆነ አይቆጠርም፤ ዐቃቤ ሕግ ሌላ ማስረጃ እስካላመጣ ስምንቱም በእኩል፣ በቀላሉ አንቀጽ ይከራከራሉ። መዝገቡም ከዛሬ ጀምሮ በቁጥሩ ብቻ ይጠራል። ሌላ ማስረጃ እንዳለ ሲጠየቅ ዐቃቤ ሕጉ ወረቀቶቹን አገላበጠና ጊዜ እንዲሰጠው ለመነ፤ አልተሰጠውም። እኔን በተመለከተ የዲሲፕሊን ኮሚቴ እስኪያየኝ ከሥራ እንድታገድ ታዘዘ። ወርጄ የመሳቢያዬን ቁልፍ ለኃላፊዬ አስረከብኩ። ከሰውየው ጋር አሥራ አንድ ዓመት አብረን ሠርተናል፤ ኮቴን ያዘልኝና አለበሰኝ። እንባዬ የመጣው ያኔ ነው።

ስወጣ ስምንቱን መኪና ላይ ያሳፍሯቸው ነበር። ትንሹ እግሩን መሰላሉ ላይ እንዳደረገ ዞሮ አየኝ። ጠባቂው ከኋላው ገፋ አደረገው።

«አክስቴ፣» አለኝ ጮክ ብሎ፣ «ለምሳው አልሆነም። ለእራት አስቀምጡልኝ።»

የመኪናው በር ተዘጋ። እንግዲህ ዓመት ይሁን ሁለት ዓመት አናውቅም፤ አሥራ አምስት ግን አይደለም። ሦስታችንም ወደ አውቶቡስ ማቆሚያው በእግራችን ሄድን። ነርሷ ደስ ብሏት ነበር፤ ለእህቴ ነው የተደሰተችላት፤ በየመሀሉ ቆም እያለች ታቅፋታለች። ማቆሚያው ላይ ሰው ብዙ ስለነበር እኔ ለሁለቱ ቦታ ለቅቄ ቆምኩ። ነርሷ ነጠላ ጫማዋን አውልቃ እግሯን አሳረፈች። ከዚያ አንድ ነገር ድንገት እንደመጣላት ሰው ወደ እህቴ ዞረች። እኔን ሳይሆን እሷን ነው የጠየቀቻት።

«ለመሆኑ ያ የጠፋው ወረቀት ላይ... አንደኛ የነበረው ማን እንደሆነ እህትሽ አልነገረችሽም?»

እኔ ወደ መንገዱ ዞርኩ። እህቴ የነርሷን ነጠላ ጫማ ከመሬት አንስታ፣ አፈሩን በቀሚሷ ጫፍ ጠራርጋ፣ እግሯ ሥር መልሳ አስተካክላ አስቀመጠችላት።

«የአንዲት እናት ልጅ ነው» አለቻት።

ነርሷ ሌላ አልጠየቀችም። ቀስ በቀስ ፊቷ ተለወጠ፤ ከዚያ የእህቴን እጅ በሁለት እጇ ያዘች። የኛ አውቶቡስ መጥቶ ሄደ፤ ቀጥሎም ሌላ መጣ። ማናችንም አልተነሳንም።